«ከሰው ርቄ ጫካ ውስጥ ብቻዬን ብኖርስ?» ከባሕር ዳር የአንድ የአእምሮ ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «27 ዓመቴ ነው፤ ባሕር ዳር ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ውዬ ማታ ስልኬ ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ። ሰው ሰልችቶኛል። ደረቴ የሚከፈተው ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ዘጌ ስሄድ ብቻ ነው። ሥራዬን ለቅቄ፣ ስልኬን ሸጬ፣ ጣና ዳር ሰው የማይደርስበት ጫካ ውስጥ ጎጆ ቀልሼ ብቻዬን ለመኖር አስባለሁ። መመንኮስ አልፈልግም፤ ጸጥታ ብቻ ነው የምፈልገው። እብደት ነው? ይቻላልስ? ለእናቴ ልንገራት ወይስ ዝም ብዬ ልሂድ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ዕድሜዬ ከአንተ ዘለግ ይላልና «አንተ» ብልህ ቅር አይበልህ።

እብደት አይደለም። ባሕር ዳር ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት «ጫካ ልግባ»፣ «ገዳም ልግባ»፣ «ማንም የማያውቀኝ አገር ልሂድ» ሲል ያልሰማሁት ዓይነት ሰው የለም። መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ሦስት ልጅ ያሳደገች እናትም ብለውኛል። በእኛ አገር ደግሞ ይህ ምኞት ሥር ያለው፣ ክብርም ያለው ነገር ነው። ጣና ላይ ካሉት 37 ደሴቶች ሃያ በሚሆኑት ላይ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የቆሙት ከዓለም ራቅ ማለትን የፈለጉ ሰዎች ስለነበሩ ነው። በምኞትህ አትፈር።

እኔም ቀምሼዋለሁ። የሕክምና ተማሪ ሳለሁ፣ ከአንድ ከባድ ፈተና በኋላ፣ ደሴት ላይ ካለ ገዳም በእንግድነት አራት ሌሊት አድሬያለሁ። የመጀመሪያውን ሌሊት ጸጥታው ራሱ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጆሮዬ የባጃጅ ድምፅ ይፈልግ ነበር። በማግስቱ ሰምቻቸው የማላውቃቸውን ነገሮች መስማት ጀመርኩ፤ ደንገሉ በነፋስ ሲፋተግ፣ የደረቀ የቡና ቅጠል ሲወድቅ፣ ውኃው ከድንጋዩ ሥር ገብቶ ሲወጣ። በሦስተኛው ቀን ትከሻዬ ወርዶ አገኘሁት። ለካ ለወራት ወደ ጆሮዬ ሰቅዬው ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ቅዳሜ ዘጌ ላይ የሚሰማህ ነገር እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ በእንግሊዝ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ መካከል የሚያሳልፉ ሰዎች ስለ ጤናቸውም ስለ ደስታቸውም የተሻለ ነገር እንደሚናገሩ አሳይቷል። አንተ በአንድ ቅዳሜ ይህን ታልፈዋለህ። ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ደረትህ የሚከፈተው ስለሄድክ ብቻ ሳይሆን ማታ የምትመለስበት ቤት ስላለህም ሊሆን ይችላል። እስካሁን የምታውቀው የዘጌን ቅዳሜ ነው። የዘጌን የነሐሴ ማክሰኞ ሌሊት አታውቀውም።

«ዓለም በቃኝ» የሚለውን ቃል አስበው። መናኝ ሲመንን የሚለው ነው። አዲስ አበባ የነበረው ትልቁ እስር ቤትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት የቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነው። አንዱ ቃል ወዶ የሄደውንም፣ ተገፍቶ በር የተዘጋበትንም ይሸከማል። ሰው ፊቴ ተቀምጦ «ዓለም በቃኝ» ሲለኝ የመጀመሪያ ሥራዬ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መለየት ነው።

አንተንም ከሩቅ ሆኜ ልጠይቅህ። ላለፉት ሁለት ሳምንታትና ከዚያ በላይ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ልብህ ከብዶታል? ድሮ ትወደው የነበረው ነገር፣ ኳሱም ሙዚቃውም ከጓደኛ ጋር ቡና መጠጣቱም፣ ጣዕሙን አጥቷል? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅተህ ጣሪያ እያየህ ታነጋለህ? ምግቡ ገለባ ሆኖብሃል? ንብረትህን ለሰው ማደል አምሮሃል? «ብጠፋ ማን ይፈልገኛል» የሚል ሐሳብ ይመላለስብሃል? ከእነዚህ በርከት ያሉት ካሉብህ የሰለቸህ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ድባቴ የሚባለው ሕመም ሊሆን ይችላል። ድባቴ ሰውን ከሰው ያርቃል፤ የራቀው ሰው ደግሞ ድባቴው ይብስበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ጫካ ማስገባት ትኩሳት ላለበት ሰው ብርድ ልብስ እንደ መደረብ ነው። ሕመሙ ግን በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ጥበበ ግዮን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበል የምትጠመቅ ከሆነም ቀጥል፤ የታዘዘልህን መድኃኒት ግን አታቋርጥ። የመጨረሻው ጥያቄዬ፣ የመጥፋቱ ሐሳብ፣ ካለብህ ደግሞ ይህን ጽሑፍ አጣጥፈህ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂድ፤ አንድ የምታምነውን ሰውም ይዘህ ሂድ።

ይህ ሁሉ የለብህም እንበል። እንቅልፍህ ደኅና ነው፣ ትበላለህ፣ ትስቃለህ፣ ብቻ ጸጥታ ናፍቆሃል። እንግዲያው «ይቻላልስ?» ወዳልከው እንምጣ።

ሰው የማይደርስበት ጫካ ብለሃል። ጣና ዳር እንዲህ ያለ ጫካ የለም። ዘጌ ላይ የምታየው ደን የቀረው ሰው ስላልደረሰበት አይደለም፤ ሰው ስለጠበቀው ነው። ዘጌዎች በሬ ጠምደው አያርሱም፣ ከብትም አያረቡም፤ ይህን ሥርዓት ከገዳሙ አባቶች ተቀበልን ብለው ለብዙ መቶ ዓመታት ይዘውት ኖረዋል፤ ቡናውንና ጌሾውን ከዛፍ ጥላ ሥር እያለሙ። ሌላው የሐይቁ ዳርቻ ሲመነጠር ዘጌ የቆመው በዚህ ነው። ከላይ ስታየው ዱር የሚመስለው ቦታ እያንዳንዱ ክንድ መሬት ባለቤት አለው፤ ጎጆ ልትቀልስበት የምትቆርጠው የመጀመሪያው እንጨትም የሰው ነው። አንተ ከሰው ለመሸሽ የመረጥከው ቦታ፣ ሰዎች አብረው ተስማምተው የሠሩት ሥራ ነው። ይህን ስገነዘብ እኔ ራሴ ደኑን በሌላ ዓይን አየሁት።

ሌላም አለ። በእኛ ቋንቋ «ጫካ ገባ» ማለት ሸፈተ ማለት ነው። ማንም የማያውቀው ወጣት ብቻውን ጫካ ውስጥ ሲገኝ፣ በተለይ በዚህ ጊዜ፣ ገበሬው ሌባ ነው ይላል፣ የታጠቀው ደግሞ ከዚህ የባሰ ይጠረጥራል። «ጸጥታ ፈልጌ ነው» የሚለውን ቃል ተረጋግቶ የሚያዳምጥህ ሰው ማግኘትህን እጠራጠራለሁ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገርህ። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ከዓመታት በፊት በአንተ ዕድሜ ያለ ልጅ ወደ ክፍሌ ላኩልኝ። ያሰበው ያንተኑ ነበር። በሶ በከረጢት፣ ጨው፣ ክብሪት፣ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ፣ ሁለተኛ እጅ የደንገል ታንኳ ገዝቶ፣ መንገድ ወደማይደርስበት የሐይቁ ዳርቻ ቀዝፎ ሄደ። ጊዜው ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ሁሉ ነገር ለምልሟል። ታንኳውን ደንገሉ መካከል በገመድ አሰረው። ስምንት ቀን ደስታ ነበር አለኝ። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጠው።

ወባ ነው። ማታ ለቀቀውና «ብርድ ነው» ብሎ ተኛ። በማግስቱ ሲመለስበት መሄድ እንዳለበት ገባው፤ ወደ ታንኳው ወረደ። ታንኳው ግን ታንኳ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣል። በታንኳ ሥራ የታወቁት የጣና ዳር ነገደ ወይጦዎችም ሆኑ ዓሣ አጥማጆቹ ከውኃ ሲወጡ ታንኳቸውን ተሸክመው ደረቅ መሬት ላይ ገትረው የሚያቆሙት ለዚህ ነው፤ ውኃው ተንጠፍጥፎ በፀሐይ እንዲደርቅ። የእርሱ ዘጠኝ ቀን ውኃ ውስጥ ከርሞ እስከ ከንፈሩ ሰምጧል፤ እንደ ራሰ ፍራሽ ከብዷል። «ትኩሳቱን እምብዛም አላስታውሰውም» አለኝ። «የማስታውሰው ታንኳውን ወደ ዳር ለመጎተት ስሞክር ጣቶቼ ደንገሉ ውስጥ ሲሰምጡ ነው። ልክ የበሰበሰ ነገር እንደመያዝ። አንድ ክንድ አልተነቃነቀም።» ሦስት ቀን እዚያው ጎጆው ውስጥ ወደቀ። ያገኘው መረቡን ሊያይ የመጣ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰውዬው የመጣውም ጭስ ለምን ቀረ ብሎ ነው። ለካ ከማዶ በየማታው ጭሱን ያየው ነበር።

ወባው ታክሞ ዳነ። ከዚያ በኋላ ግን ሳምንት ሙሉ ሰው አላናገረም፤ ወደ እኔ የላኩትም ለዚህ ነው። አፉን ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ታንኳ እንደሚደርቅ ያውቃሉ?» ብሎ ነው።

ወንድሜ፣ ይህ ልጅ ሰነፍ አልነበረም። ጎበዝ ነው፤ ጎጆው ዝናብ የማያስገባ ነበር ይባላል። የጣና ዳር የስምንት ዓመት ሕፃን የሚያውቀውን አንድ ነገር ግን አላወቀም፣ «ኧረ ታንኳህን አውጣው» የሚለውም ሰው አጠገቡ አልነበረም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ስለ ጉልበት ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ሁለተኛው ሰው ዓይን ነው። አውሬ በልቶት የሞተ ብቸኝነት ፈላጊ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም። ያጋጠሙኝ ትንሽ ስሕተት ሠርተው «ተሳስተሃል» የሚላቸው ያጡ ናቸው።

በሩቅ አገርም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚያዝያ ላይ ክሪስ ማካንድለስ የተባለ የ24 ዓመት አሜሪካዊ ብቻውን አላስካ ውስጥ ወደሚገኝ ዱር ገባ፤ የያዘው አንድ ትንሽ ጠመንጃና አራት ኪሎ ተኩል ገደማ ሩዝ ነበር። ተጥሎ የቀረ አሮጌ አውቶቡስ አግኝቶ ቤት አደረገው። ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ወደ ሰው ለመመለስ ወሰነ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ልጁ ሊመለስ ነበር። ሲገባ በእግሩ የተሻገረው ቴክላኒካ የሚባለው ወንዝ ግን ሐምሌ ላይ የበረዶው ውኃ ሞልቶበት አላሳልፍ አለው። ካርታ አልያዘም። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በማይርቅ ቦታ በገመድ ላይ የተንጠለጠለ መሻገሪያ ነበር፤ አላወቀም። ወደ አውቶቡሱ ተመልሶ በረኃብ መነመነ፤ መስከረም ላይ አዳኞች አስከሬኑን ሲያገኙት ክብደቱ 30 ኪሎ ገደማ ነበር። የእርሱን ፈለግ ተከትለው ከሄዱት መካከል ሁለት ሰዎች፣ አንዷ እ.ኤ.አ. በ2010 ሌላዋ በ2019፣ በዚያ አካባቢ ወንዝ ሲሻገሩ ሰጥመው ሞተዋል። በመጨረሻ የአላስካ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 አውቶቡሱን በሄሊኮፕተር አንሥቶ ከዱሩ አወጣው።

አንተ ይህን ስታነብ «አላስካ በረዶ ነው፣ ጣና ሞቃት ነው» ትል ይሆናል። ወንዙን ግን አስበው። ባሕር ዳር በዓመት ከምታገኘው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ከግማሽ የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ጥር ላይ ሱሪህን ሰብስበህ የምትሻገረው ጉማራና ርብ ነሐሴ ላይ ሜዳውን ሞልቶ የፎገራን መንደር ደሴት ያደርገዋል። ግልገል ዓባይም እንዲሁ። ሰው ጫካ የሚገባው ሁልጊዜ በበጋ ነው፤ መውጣት የሚያምረው በክረምት ነው።

ምግቡንም ላንሣልህ፤ በሶው ያልቃልና። ጣና ዳር ዶቅማ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ሾላ አለ፣ እንኮይ፣ አጋም፣ ኮሽም አለ። ሁሉም ጣፋጭ ነው፤ ሁሉም የየወሩ ነው፤ አንዱም ጎልማሳ ሰውን በቀን ሦስቴ አያጠግብም። ዓሣ አለ፤ መረብ መጠገን ግን የሚማሩት ከሰው ነው። ከረኃቡ በላይ የሚያስፈራኝ ግን አንድን ነገር ብቻ ለወራት መብላት ነው። ጓያን ታውቀዋለህ፤ ደምቢያና ፎገራ ላይ ውኃው በሸሸበት መሬት ይዘራል፤ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ ሰው ይኖርበታል። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሲከስም ጓያ ብቻውን ይቆማል፤ ያን ጊዜ ገበሬው ለሁለትና ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደርገዋል፤ ከዚያም አንድ ጠዋት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሽባነቱ አይድንም። ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው ደግሞ እንዳንተ ያሉ ወጣት ወንዶችን ነው። የሚገርምህ፣ ማካንድለስን ያደከመው እርሱ ይበላው የነበረ የዱር ተክል ዘር ውስጥ ያለ፣ ከጓያው መርዝ ጋር አንድ የሆነ ነገር ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ የጓያው ነገር ግን እኛ አገር በዓይን የሚታይ ነው።

ስለ በሽታ ባጭሩ። ወባ ጣና ዳር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል፤ ፋልሲፓረም የሚባለው ዓይነት ሳይታከም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል፤ ሲበረታ ደግሞ ማስተዋልንም ይወስዳል፣ ስለዚህ ብቻውን ያለ ሰው መታመሙን የሚያውቅበት ጭንቅላቱ ራሱ ሊታመምበት ይችላል። ቢልሃርዚያ በዳርቻው ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ሲገባ አታውቀውም፣ ከወራት በኋላ ሆድህ ይነግርሃል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ታንኳን የሚገለብጠውም እርሱ ነው። ጉማሬ ማታ ወደ ሣር ይወጣል፣ ንጋት ላይ ይመለሳል፤ በእርሱና በውኃው መካከል አትቁም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በሙያዬ የሚያሳስበኝ ከውስጥ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ፣ ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ፣ አንድ ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ብቻውን ተቀመጠ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 14 ቀን «ጊዜው አልቋል» ሲሉት በእርሱ ቆጠራ ገና ነሐሴ 20 ነበር። 25 ቀን ከእጁ ወጥተዋል። ጫካ ውስጥ ፀሐይ አለች፣ እንደ ዋሻው አይደለም። ቢሆንም ብቻቸውን የቆዩ ሰዎች ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል፤ ቀኑ ከቀን ጋር ይጣበቃል፣ ትናንት የበላውንና ዛሬ የበላውን መለየት ይቸግራል፣ ከዚያ ሐሳብ ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ያ የታንኳው ልጅ ለዓሣ አጥማጁ የነገረው ቀን በአራት ቀን የተሳሳተ ነበር።

አሁን የእኛን ገዳማት ተመልከት። ደወሉ ሌሊት ይደወላል፣ ኪዳን ይደርሳል፣ ቅዳሴ ይገባል፣ በ12 ሚካኤል ነው፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም። ደሴት ላይ ሃምሳ ዓመት የኖረ መነኩሴ ዛሬ ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቀው፤ ከአንተ ስልክ ይፈጥናል። እኔ ይህን ሥርዓት እንደ ምእመን ብቻ አላየውም፤ እንደ ሐኪምም አየዋለሁ፣ እንደ ሐኪምም እደነቅበታለሁ። ብቸኝነት ሰውን እንዳይበላው ተብሎ በብዙ ትውልድ የተሠራ ነገር ነው።

«መመንኮስ አልፈልግም» ብለሃል፤ መብትህ ነው። ግን ጣና ላይ በብቸኝነት መኖርን የሚያውቁት እነርሱ ስለሆኑ ካልመነኮስክም ተማርባቸው። ወደ ገዳም የሄደ ሰው በመጀመሪያው ቀን በዓት፣ የብቻ ማደሪያ፣ አይሰጠውም። ረድእ ይሆናል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ለአረጋውያን ይላላካል፤ ለዓመታት በአመክሮ ይቆያል። ሲፈተን የሚነግረው አባት አለው። ለብቻ መዝጋት፣ ባሕታዊ መሆን፣ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ያም በአባት ፈቃድ ነው። አባ እንጦንስ እንኳ፣ የመነኮሳት ሁሉ አባት የሚባለው፣ ወደ ጥልቁ በረሃ ከመግባቱ በፊት በመንደሩ አጠገብ ከነበረ አንድ አረጋዊ ተምሯል። ጳኩሚስ በአባ ጳላሞን ሥር ኖሮ ነው በኋላ የማኅበር ገዳምን የመሠረተው። እነርሱ ከሰው አልወጡም፤ ከብዙ ሰው ወደ ጥቂትና ቁም ነገር ወዳለው ሰው ነው የሄዱት። አንተ መጨረሻቸውን መጀመሪያህ ልታደርገው ነው ያሰብከው።

ያለ ሰው የኖረ አለ የሚሉህ ካሉም፣ አሜሪካ ሜይን ውስጥ ክሪስቶፈር ናይት የተባለ ሰው ከ1986 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. 27 ዓመት ጫካ ውስጥ ብቻውን ኖሯል። የኖረው ግን በአካባቢው ካሉ የመዝናኛ ቤቶች ምግብና ልብስ እየሰረቀ ነው፤ ሲያዝም አንድ ሺህ ጊዜ ገደማ ቤት መስበሩን አምኗል። ከሰው አልራቀም፤ የሚያውቁት ሰዎች ብቻ ናቸው የራቁት።

እንግዲህ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ሥራህን አትልቀቅ። የዓመት ፈቃድህን ውሰድ። ጥር ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ወባውም ቀለል ባለበት ጊዜ፣ ከአንድ ገዳም በእንግድነት ወይም ዘጌ ላይ ከሚታወቅ ቤተሰብ ዘንድ አራት ሌሊት እደር። ሌሊቱ ያን ጊዜ ብርድ ነው፤ ወፍራም ጋቢ ያዝ። አጎበርም ያዝ፣ ጥርም ቢሆን። ስልክህን አትሽጠው፤ አጥፍተህ ለአስተናጋጆችህ ስጣቸው። የሚያደርስህን ቀዛፊ የሚመለስበትን ቀንና ሰዓት ቁረጥለት፣ ገንዘቡንም ግማሹን ሲመለስ ስጠው። ሥራ ለምናቸው፤ ቡና መልቀምም ይሁን ውኃ መቅዳት። በአራተኛው ቀን ማታ ሁለት ነገር ጻፍ፤ ምን እንደናፈቀህ፣ ምን እንዳልናፈቀህ። ያልናፈቀህ ነገር ዝርዝር ውስጥ የባንኩ ሰልፍና የስልኩ ወሬ ብቻ ካሉ፣ መለወጥ ያለበት ሥራህና ማታህ ነው፤ ለዚያ ጫካ አያስፈልግም። ስትመለስ ትኩሳት ከተሰማህ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ሄደህ ጣናን ጠቅሰህ ተመርመር። ከዚያ በኋላም ረዘም ላለ ጊዜ መሄድ ከፈለግህ እንነጋገራለን፤ ያን ጊዜ የምትለኝ ነገር ከዛሬው የተለየ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ስለ እናትህ። ዝም ብለህ አትሂድ። ክፍሌ ውስጥ የጠፉ ልጆች እናቶች ይመጣሉ፤ እንቅልፍ አጥተው፣ ልባቸው እየመታ፣ ምርመራው ምንም ሳያሳይ። የሞተባት እናት ለቅሶ ትቀመጣለች፣ ጎረቤት ይመጣል፣ አርባው ይወጣል፣ ተዝካሩ ይወጣል፤ ከባድ ቢሆንም መንገድ አለው። የጠፋባት እናት ግን ማልቀስም ሟርት ይመስላታል፣ አለማልቀስም አይቻላትም። አንዷ ዓመት ሙሉ የውጭ በሯን ሳትቀረቅር አደረች፤ «ሌሊት ቢመጣ» ብላ። ልጅዋ በሕይወት ነበረ፤ ጸጥታ ፈልጎ ነበር የሄደው።

ለእናትህ ንገራት። የምትሄድበትን ቦታ ስም፣ የቀዛፊውን ስልክ ቁጥርና የምትመለስበትን ቀን ወረቀት ላይ ጽፈህ ስጣት። ከዚያም በተናገርክበት ቀን፣ ሳይመሽ፣ ቤት ግባ።